ደኑን ከመግዛትዎ በፊት በእግርዎ ይወቁት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ዓምዳችንን በሙሉ ለአንድ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ አነስተኛ የግል ደን ስለ መግዛትና በውስጡም ጊዜን ስለ ማሳለፍ የጻፉልን አንባቢያን በርከት ያሉ በመሆናቸው፣ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልስ ሰጥተንባቸዋል። መሬት በማይሸጥበት አገር የምትኖሩ አንባቢያን «መግዛት» የሚለውን ቃል የረጅም ጊዜ የመጠቀም መብት እንደ መውሰድ አድርጋችሁ ተረዱት፤ የዛፉ፣ የመንገዱና የጎረቤቱ ጉዳይ በሁለቱም ሁኔታ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ካጠራቀምሁት ገንዘብ ላይ ከፍዬ አንድ ሄክታር የሚሆን ደን ለመግዛት አስቤአለሁ። ቦታውን አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ዕለቱ ፀሐያማ ነበር፤ ልቤም እዚያው ቀረ። ሻጩ ሌላ ገዢ እንዳለው እየነገረኝ በዚህ ወር ውስጥ እንድወስን ይወተውተኛል። ከመፈረሜ በፊት ምን ልመርምር?

መልስ፦ ልቡ ያልወደደውን ደን የሚገዛ ሰው የለምና ቦታውን መውደድዎ አያስጋዎት። ነገር ግን በአንድ ፀሐያማ ቀን ብቻ የታየ ደን ገና አልታየም። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት ይመለሱ፤ ያን ዕለት ውሃው የት እንደሚተኛ፣ መግቢያው መኪና ያሳልፍ እንደሆነ፣ ተዳፋቱም አፈሩን ይዞ ይቆይ ወይም ይሸረሸር እንደሆነ በዓይንዎ ያያሉ። ነፋስ በሚበረታበት ቀን ቢሄዱ ደግሞ የትኛው ዛፍ እንደሚንቋቋ ይሰማሉ። በዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላም መሄድ አይቅርብዎ፤ በሥራ ቀን ጭር ያለው ሰፈር ቅዳሜና እሑድ የሞተር ብስክሌት መፈንጫ ሊሆን ይችላል። ሌላ ገዢ አለ መባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ደን አድሮ የሚበላሽ ሸቀጥ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው እንዲህ ላለው ግዢ ጭምር ነው።

ሻጩ እውነተኛ ባለቤት መሆኑንና በይዞታው ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ማጣራት ማንኛውም ንብረት ገዢ የሚያደርገው ስለሆነ ብዙ አላወራበትም። ደንን የሚለየው መብቶቹ ተነጣጥለው በተለያዩ ሰዎች እጅ ሊገኙ መቻላቸው ነው። በብዙ አገሮች መሬቱ የአንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የቆመውን ግንድ ቆርጦ የመውሰድ መብት የሌላ፣ የማደን መብት የሦስተኛ፣ ከመሬት በታች ያለው ማዕድን ደግሞ የመንግሥት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን መብት በስሙ እየጠሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ሁሉም የእርስዎ ነው» የሚል የቃል መልስ፣ የሚናገረው ሰው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ በውሉ ውስጥ ካልሰፈረ ዋጋ የለውም።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት ግን በመንገዱ ላይ ነው። መንገድ መኖሩና በመንገዱ የማለፍ መብት መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሻጩ ለሃያ ዓመታት በጎረቤቱ ማሳ ዳር ያለፈው በወዳጅነት ከሆነ፣ ያ ወዳጅነት ከደኑ ጋር አይሸጥልዎትም፤ ጎረቤቱ እርስዎን አያውቅዎትም፤ በሩን ቢዘጋም ሊከስሱት የሚችሉበት ምክንያት ላይኖር ይችላል። መብቱ በጽሑፍ ሰፍሮ ቢገኝ እንኳ ዝርዝሩን ያንብቡ። ለእግረኛ ብቻ ነው ወይስ ለተሽከርካሪም ጭምር? ግንድ የጫነ የጭነት መኪና ያልፍበታል? መንገዱ በጎርፍ ሲበላስ ጠጋኙ ማን ነው? የማለፍ መብቱ በጽሑፍ ያልተረጋገጠለትን ደን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ እኔ አልገዛም።

ቅርጹንም ይመልከቱ። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ቦታው በየጎኑ 100 ሜትር ከሆነ ዙሪያው 400 ሜትር ይሆናል። ያው አንድ ሄክታር 20 ሜትር ወርድና 500 ሜትር ርዝመት ይዞ እንደ መቀነት የተዘረጋ ከሆነ ግን ዙሪያው 1,040 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ ያው ሆኖ ሳለ አጥሩ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል፤ የወሰን ጭቅጭቅም ቢነሣ የዚያኑ ያህል ሊሆን ነው። በዚያ ላይ በመቀነቱ ውስጥ የትም ቢቆሙ ከቅርቡ ዳር ከ10 ሜትር በላይ አይርቁም፤ ነፋሱም፣ የጎረቤት ማሳ ላይ የተረጨው ፀረ አረምም እስከ መካከሉ ይደርሳል። ወሰኑን ከሻጩና ከተቻለም ከአዋሳኞቹ ጋር ሆነው ጥግ በጥግ በእግርዎ ይዙሩት፤ ካርታው ላይ ያለው መስመር መሬት ላይ ካለው ችካል ጋር ካልገጠመ ከመፈረምዎ በፊት ቀያሽ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ልገዛው ባሰብሁት ደን ውስጥ ስንት ዛፍ እንዳለና ዛፎቹም ምን ያህል ትልቅ እንደሆኑ ሻጩ በግምት ይነግረኛል እንጂ የተለካ ነገር የለም። እኔ ራሴ መለካት እችላለሁን?

መልስ፦ ይችላሉ። አንድ የደን ባለሙያ ለአንድ ቀን ማስመጣት የሚያዋጣ ወጪ ነው ብዬ ባምንም፣ ከእርሱ በፊት ራስዎ የሚያደርጉት ልኬት ቢያንስ ምን እንደሚጠይቁት ያሳውቅዎታል።

ርዝመቱ 5 ሜትር ከ64 ሳንቲሜትር የሆነ ገመድ ያዘጋጁ። በደኑ ውስጥ ችካል ተክለው የገመዱን አንድ ጫፍ በችካሉ ላይ ይሰሩ፤ ሌላውን ጫፍ ወጥረው ይዘው ይዙሩ። የዞሩት ክብ 100 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የሄክታር አንድ መቶኛ ነው። ግንዳቸው በክቡ ውስጥ የሚያርፍ ዛፎችን ይቁጠሩ፤ 14 ቢያገኙ በሄክታር 1,400 ዛፍ ማለት ነው። አንድ ክብ ግን ምስክር አይሆንም። ቢያንስ በአሥር ቦታ ደጋግመው አማካዩን ይውሰዱ፤ ቦታዎቹንም ዓይንዎ በወደደው ሳይሆን አስቀድመው በወሰኑት የእርምጃ ርቀት ይምረጡ፤ አለበለዚያ እግርዎ ሳያውቁት ያማሩ ዛፎች ወዳሉበት ይወስድዎታል።

ለውፍረቱ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። በብዙ አገሮች ባለሙያዎች የግንዱን ዙሪያ የሚለኩት ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ነው። ያገኙትን ለ3.14 ሲያካፍሉት የግንዱን ወርድ ያገኛሉ፤ ዙሪያው 94 ሳንቲሜትር የሆነ ግንድ ወርዱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ቁመቱን ለማወቅ ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ በትር ያንሡ። ክንድዎን ወደ ፊት ዘርግተው በትሩን ቀጥ አድርገው ሲይዙት፣ ከጭብጥዎ በላይ ያለው የበትሩ ክፍል ከዓይንዎ እስከ ጭብጥዎ ካለው ርቀት ጋር እኩል ይሁን። ከዚያ የዛፉ ሥር በጭብጥዎ፣ የዛፉ ጫፍ በበትሩ ጫፍ ላይ ልክ እስኪያርፍ ድረስ ወደ ኋላ ይራመዱ። መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ ከቆሙበት እስከ ግንዱ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። ወደ ኋላ ሲራመዱ ጉቶ እንዳይጥልዎት ብቻ ይጠንቀቁ።

ይህን ሁሉ ሲለኩ ዓይንዎ ወደ መሬትም ይመልከት። ከትልልቆቹ ሥር ችግኝና ወጣት ዛፍ የማይታይበት ደን አዛውንት ብቻ የቀሩበት መንደር ነው። ምክንያቱ የልቅ ግጦሽ፣ የዱር እንስሳት ቀንበጥ መቀንጠስ ወይም የጥላው መብዛት ሊሆን ይችላል። ጥላ ከሆነ ጥቂት ዛፎችን በማሳሳት ብርሃን ይገባል፤ እንስሳት ከሆኑ ግን አጥር ያስፈልጋል፤ የአጥሩም ወጪ በዋጋ ድርድሩ ላይ ሊነሣ ይገባል።

ጥያቄ፦ ደኑን ከገዛሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የወደቀውን እያነሣሁ፣ የደረቀውን እየቆረጥሁ፣ ቅጠሉንም እየጠረግሁ አቃጥላለሁ። አንድ ጎረቤቴ ግን «ደኑን እያራቆትኸው ነው» አሉኝ። ማጽዳት እንዴት ማራቆት ይሆናል?

መልስ፦ ጎረቤትዎ ትክክል ናቸው። ደን እንደ ግቢ አይጠረግም። የወደቀው ቅጠል አፈሩን ከዝናብ ጠብታ የሚጋርድ፣ እርጥበት የሚይዝና ሲበሰብስም ለዛፉ ምግብ የሚመልስ ልብስ ነው፤ እርሱን ባቃጠሉ ቁጥር አፈሩን ያደኸያሉ፤ በደረቅ ወቅት ደግሞ የእሳት አደጋ በገዛ እጅዎ ይጋብዛሉ። ማቃጠሉን ከዛሬ ጀምረው ይተዉት።

የደረቀ ግንድ ጉዳይ እኔንም ያሳፈረኝ ነገር አለበት። በመጀመሪያው ዓመቴ ከመንገድ ርቆ የቆመ፣ ቅርፊቱ የተላጠና ለዓይን የማያምር አንድ ደረቅ ዛፍ ነበረኝ። «ደኑን ያበላሻል» ብዬ ቆረጥሁት። ሲወድቅ ግንዱ ወገቡ ላይ ተሰነጠቀና በውስጡ የተቦረቦረ ጎጆ ታየ፤ ላባቸው በቅጡ ያልበቀለ ሦስት የግንደ ቆርቁር ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ይጮኹ ነበር። እናቲቱ እስኪመሽ ድረስ ዛፉ በነበረበት አየር ላይ እየተመላለሰች ስትዞር ዋለች። ሞቷል ያልሁት ዛፍ ከደኑ ሁሉ ይበልጥ ነዋሪ የነበረበት እርሱ ነበር። ግንደ ቆርቁር ቦርቡራ የተወችውን ቀዳዳ ሌሎች ወፎችና የሌሊት ወፎች ይወርሱታል፤ ከቅርፊቱ ሥር ጢንዚዛዎች ይራባሉ፤ በወደቀው ግንድ ላይ እንጉዳይ ይበቅላል፤ ግንዱ ውሃ እንደ ስፖንጅ ስለሚይዝ በደረቁ ወራት ጭምር በአጠገቡ ችግኝ ይለመልማል።

ስለዚህ ደረቅ ዛፍ ሲያዩ የሚጠይቁት «ያምራል ወይ?» ብለው ሳይሆን «ቢወድቅ በማን ላይ ይወድቃል?» ብለው ይሁን። በሕዝብ መንገድ፣ በጎረቤት ወሰን ወይም ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያጋደለ ከሆነ ይነሣ፤ ጉዳት ቢያደርስ ተጠያቂው ባለቤቱ ሊሆን ይችላልና። በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ከትልቅ ነፋስ በኋላ ደግሞ ወዲያውኑ፣ በመንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች ተመልክተው ቀኑን በማስታወሻ ይጻፉ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም መግባት ይበጃል። የቀረውን ይተዉት።

ሌላው የሚያራቁት ነገር መኪና ነው። የአብዛኞቹ ዛፎች ሥር በብዛት የሚገኘው በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። እርጥብ አፈር ላይ ጎማ ሲመላለስ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው አየር ተጨምቆ ይወጣል፤ ሥሩ ይታፈናል፤ ጉዳቱም በዛፉ ጫፍ ላይ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። አንድ መንገድ ይምረጡና ከእርሱ አይውጡ።

ጥያቄ፦ ከራሴ ደን የማገዶ እንጨት ባገኝ ደስ ይለኛል። ምን ያህል ብቆርጥ ነው ደኑ የማይጎዳው? ፈቃድስ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ዛፉ የራስዎ መሆኑ ብቻውን ለመቁረጥ አያበቃዎትም። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር ባለቤቱ በመሠረቱ ያለ ፈቃድ መቁረጥ የሚችለው በእያንዳንዱ የሦስት ወር ሩብ ዓመት እስከ 5 ሜትር ኩብ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ የሚሸጠው ከ2 ሜትር ኩብ መብለጥ የለበትም። በሌሎች አገሮች ደንቡ ይጠብቃል ወይም ይላላል፤ አንዳንድ የዛፍ ዓይነቶችም ጨርሶ አይነኩም። መጋዝ ከመግዛትዎ በፊት ደኑ በሚገኝበት አካባቢ ያለውን የደን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

ለመጠኑ ያለው መለኪያ ቀላል ነው፤ ከሚያድገው በላይ አይቆረጥም። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1713 በመጽሐፍ ያሰፈረው ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ የደን ሰው ሳይሆን በጀርመን አገር በሳክሶኒ የማዕድን ሥራ ኃላፊ ነበር፤ የብር ማቅለጫዎቹና የጉድጓዶቹ ድጋፎች እንጨት እየጨረሱ ሲሄዱ ነው ጉዳዩ ያሳሰበው። በእርስዎ ደን የሚያድገው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ሃያ ያህል ዛፎች ላይ ቁጥር ይለጥፉና ዙሪያቸውን በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ከፍታ ላይ ይለኩ። ሦስት ዓመት ሳይለኩ ብዙ መቁረጥ በጨለማ መዝገብ እንደ መያዝ ነው። እስከዚያው ነፋስ የጣለው ጥቂቱና እርስ በርስ ከተጨናነቁት መካከል ደካማው ይበቃዎታል።

ብዙ ቅጠለ ሰፊ ዛፎች ከጉቷቸው እንደገና ያቆጠቁጣሉ፤ እንዲህ ያሉትን ከመሬት ዝቅ አድርገው፣ ውሃ እንዳይተኛበት ጉቶውን ዘመም አድርገው ዕድገት በሚያርፍበት ወቅት ቢቆርጧቸው ከዓመታት በኋላ ከአንድ ግንድ ብዙ ዘንግ ያገኛሉ፤ እንቡጡን ግን ከሚቀነጥሱ እንስሳት መከለል የግድ ነው። መርፌ ቅጠል ያላቸው ዛፎች አብዛኞቹ እንዲህ አያደርጉም፤ የተቆረጠው እንደ ተቆረጠ ይቀራል።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ማንደድ ጭስ ማንደድ ነው። ፍልጡን ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ ደርድረው ላዩን ብቻ ይክደኑ፤ ጎኖቹ ለነፋስ ክፍት ይሁኑ። የእርጥበቱ መጠን ከ20 በመቶ በታች እስኪወርድ እንደ እንጨቱ ዓይነት አንድ ዓመት፣ ጠንካራው ደግሞ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። መለኪያ መሣሪያ ከሌለዎት ከክምሩ አንድ ፍልጥ ላይ ምልክት አድርገው በየወሩ በሚዛን ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ስለ ሞተር መጋዝ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፤ ሥልጠና ሳይወስዱ፣ የራስ ቁርና እግርን ከመጋዝ የሚከላከል ሱሪ ሳይለብሱ፣ ከሁሉም በላይ ብቻዎን ሆነው እንዳያስነሡት። ሲወድቅ በሌላ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ግንድ ካጋጠመዎት ከሥሩ ዞር ብለው ባለሙያ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ደን በጋራ ለመግዛት ተስማምተናል። ጽሑፍ ያስፈልገናል ወይ? እርስ በርስ እንተማመናለን።

መልስ፦ እርስ በርስ በምትተማመኑበት በዚህ ጊዜ ጻፉት፤ መተማመኑ ሲጎድል የሚጽፍ እጅ አይገኝም። አንዳችሁ ድርሻውን መሸጥ ቢፈልግ ቅድሚያ ለማን እንደሚያቀርብና ዋጋውን ማን እንደሚገምት፣ አንዳችሁ ብትሞቱ ወራሹ ምን መብት እንደሚኖረው፣ ዛፍ ለመቁረጥ የሦስታችሁም ስምምነት ያስፈልግ እንደሆነ በውሉ ይስፈር። ካየሁት ጠብ አብዛኛው የተነሣው ግን በገንዘብ ሳይሆን አንዱ ጸጥታ ፈልጎ በመጣበት ቀን ሌላው አሥር እንግዳ ይዞ በመምጣቱ ነው፤ እንግዳ ስለ ማምጣትም አንድ መስመር ጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ሻጩ «አሁን ባይፈቀድም ወደፊት ቤት ትሠራበታለህ» ይለኛል። ደግሞም የአካባቢው ሰዎች በደኑ ውስጥ ሲያልፉ አይቻለሁ፤ ከገዛሁት በኋላ መከልከል እችላለሁ?

መልስ፦ ለ«ወደፊት» ዋጋ አይክፈሉ። ደን በአብዛኞቹ አገሮች ለመኖሪያ የተመደበ መሬት አይደለም፤ ለመሣሪያ ማስቀመጫ የምትሆን ጎጆ እንኳ ፈቃድ ልትጠይቅ ትችላለች። ቤት ከፈለጉ ለቤት የተፈቀደ መሬት ይግዙ።

አላፊ አግዳሚውን በተመለከተ እንደ አገሩ ሕግ ነው። በስዊድን፣ በኖርዌይና በፊንላንድ ሰው ሁሉ ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ በግል ደን ውስጥ በእግሩ የመዘዋወር መብት አለው፤ በሌሎች ዘንድ ደግሞ መብቱ በተወሰነ የእግር መንገድ ላይ ብቻ ይሆናል፤ ለረጅም ዘመን የተለመደ መተላለፊያም እንደ መብት ሊቆጠር ይችላል። መከልከል ቢችሉ እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት ሰንሰለት አይዘርጉ። እርስዎ በሌሉበት እሳት ሲነሣ ወይም ሌባ ሲገባ የሚደውልልዎት ያ በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ደኑን ገዝቻለሁ፤ መንገዱም ወሰኑም ሰላም ነው። ችግሬ ሌላ ነው፤ ሄጄ አንድ ሰዓት ከቆየሁ በኋላ ምን እንደማደርግ ግራ ይገባኛል። ልጆቼም ይሰለቻሉ።

መልስ፦ ጥያቄዎ ብዙዎች አፍረው የማይጠይቁት ነው። በጃፓን የመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 «ሺንሪን ዮኩ» የሚል ስያሜ አወጣ፤ ትርጉሙ በደን መታጠብ ማለት ነው። ሥራ የለበትም፤ ቀስ ብሎ መሄድ፣ መቆም፣ ማሽተትና ማዳመጥ ብቻ ነው። ጥድፊያ ለለመደ ከተሜ ግን ይህ ከሥራ ሁሉ የከበደ ነው።

አንድ መቀመጫ ይምረጡ፤ የወደቀ ግንድ ቢሆን ይሻላል። በሄዱ ቁጥር እዚያው ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ዝም ይበሉ። ሲገቡ የሸሹት ወፎች ወዲያው አይመለሱም፤ ብዙ ሰው ደግሞ ሊመለሱ ሲሉ ተነሥቶ ይሄዳል። ልጆቹን በተመለከተ «ተመልከቱ» አይበሏቸው፤ ሥራ ይስጧቸው። ያን 5 ሜትር ከ64 የሆነ ገመድ፣ የልብስ ሰፊውን ሜትርና እርሳስ ሰጥተው የየራሳቸውን ዛፍ ያስመርጧቸው፤ ቁጥሩን ራሳቸው ይለጥፉ፤ ዙሪያውን ለክተው ቀኑንና ልኩን በደብተር ይጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት የማን ዛፍ እንደበለጠ ለማየት ሲሉ «መቼ ነው የምንሄደው?» ብለው የሚጠይቁት እነርሱ ይሆናሉ። ሲመሽም አንድ ቀን አብረዋቸው ይቆዩ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መብራት ሳያበሩ ሩብ ሰዓት ቢቀመጡ ዓይናቸው ጨለማውን ይለምዳል፤ የመጀመሪያውን ጉጉት የሚሰማው ማን እንደሆነም ይፎካከራሉ።